ያልረገምኩት እርግማን

በባለቤቴ አገር በኦቾሎ እኔ የምታወቀው አማቷን የረገመች ሴት ተብዬ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለለቅሶም ለሠርግም ወደዚያ ተራራ ስወጣ ሴቶቹ ሰላም ይሉኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል፣ ከዚያ ትናንሽ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ ያደርጋሉ። እንዳላየ ሰው አልፋለሁ። አይቻለሁ ግን። ማን ልጇን እንደሳበች፣ ማን እንዳልሳበች እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራዬ የሌላ ሰው ቃል ሳላዛባ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ «ጻፊው፣ ስሜን ግን እንዳታስገቢ» አለችኝ። የማንንም ስም አላስገባም። የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ይህም አንዱ ደስታዬ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን ግቢ ገላዋን ሳጥባት ሆዷ ላይ እጄን የሚገፋ ነገር አገኘሁ። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ እንዳልበሰለ ማንጎ ጠጣር።

«ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም። ስሮጥ ግን ይከብደኛል።»

አርባ ምንጭ ወባ አገር ነው። እዚህ ሆዱ ያበጠ ልጅ ያየ ሰው የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጣፊያ። ጎረቤቶቼ ጣፊያ አሉ፣ ባለቤቴ ጣፊያ አለ፣ እኔም ጣፊያ አልኩ። ጣፊያ በግራ በኩል መሆኑን፣ የልጄ እብጠት ደግሞ በቀኝ መሆኑን ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም። ጣፊያ ትተኩሳለች የተባለች ሴት ተጠራች። የጋለው ብረት ሁለት ጊዜ ሆዷ ላይ ሲያርፍ እጆቿን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የሌሎችን ጥፋት ልጽፍ ስለተነሳሁ የእኔን አስቀድሜያለሁ። እነዚያ ሁለት ጠባሳዎች ዛሬም አሉ። ሐኪሞች ከተዉት ረጅም ጠባሳ ይልቅ እነሱን ማየት ያቅተኛል።

በሳምንቱ ሽንቷ ቀላ። ያን ጊዜ ማንንም ሳላማክር ሆስፒታል ወሰድኳት። አልትራሳውንድ ያነሳት ሐኪም ወጣት ነበር። መጀመሪያ የተተኮሰውን ቦታ አየ፤ ፊቱ ሲለወጥ አይቼ «እኔ ነኝ ያስተኮስኳት» አልኩት። አልተቆጣኝም። ማሽኑን ሆዷ ላይ ብዙ ጊዜ አመላለሰና ወደ ኮሪደር አወጣኝ።

«ጣፊያ አይደለም፣ እናቴ። ኩላሊቷ ላይ ዕጢ አለ። ካንሰር ነው ብዬ እገምታለሁ። አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ በዚህ ሳምንት።»

«ልጅ በካንሰር ይያዛል?»

«ይያዛል። ይህ ዓይነቱ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። በዚህ ሳምንት ትሂድ» አለና የሪፈር ወረቀቱን ጻፈልኝ። ሁለት ጊዜ በዚህ ሳምንት ማለቱን ልብ በሉልኝ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፤ «ወንድሜን ላማክር» አለ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ያለ ታላቅ ወንድሙ ፍየል የማይገዛ ሰው ነው። አሁን አርጅቶ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል። መነጽሩን አድርጎ ያንብበው።

ወንድምየው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ አሁንም ነው። ልጅቷን ሳያያት ተቀመጠና «የሕፃን ደም ያለ ምክንያት አይፈስም። በዚህ ቤት ያልወጣ ነገር አለ» አለ።

ያልወጣ ነገር ያለው ጎሜን ነው። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ወሰን የገፋ፣ ታላቁን ያዋረደ፣ መነካት የሌለበትን የነካ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል። ጎሜ የሚወድቀው ያጠፋው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ ከብቱ ላይ፣ አዝመራው ላይ፣ ልጁ ላይ ይወድቃል። የሚወገደው ጥፋተኛው በሽማግሌዎች ፊት ጥፋቱን ሲያወጣ ነው። ይህ ሰው ጎሜን የድሮ ሰዎች ነገር ነው እያለ ከመድረክ ላይ ሲነቅፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ልጅ ስትታመም ግን ቃሉን ብቻ ትቶ ነገሩን ይዞት መጣ። «የተሰወረ ኃጢአት» አለው።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ለምን እኔ? እናንተስ?»

«እኛ ራሳችንን መርምረናል።»

መርምረው ጨርሰው ነበር! እናት ከሌላ ቤት የመጣች ናት፤ ጥፋት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚፈለገው እሷ ዘንድ ነው። «ያልወጣባት ልጅ ቢላዋ ከነካት ከአልጋ አትነሳም» አለ። ባለቤቴም ካልወጣ ለቀዶ ጥገናው አልፈርምም አለ። እኔ ብቻዬን መፈረም እንደምችል የነገረኝ አልነበረም። ስንት ደንብና መመሪያ ጽፌ ስንት ሰው መብቱን ሲያውቅ፣ ይህቺን አንዲት ነገር እኔ አላውቅም ነበር።

አንድ ሳምንት እምቢ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ልብሷን በፌስታል አድርጌ መናኸሪያ ድረስ ወሰድኳት። ባለቤቴ ደርሶብን በሰው ፊት የልጅቷን አንድ እጅ ያዘ፤ ሌላውን እኔ ይዣለሁ። እሷ በመካከላችን ቆማ «እኔ ነኝ ያመመኝ እኮ» አለች። ለቀቅኳት። በሦስተኛው ሳምንት ተጋድማ መተኛት አቃታት፤ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታንቀላፋ ጀመር። ያን ጊዜ «እሺ፣ አወጣለሁ» አልኩ።

አስፋልቱ ላይ ከመኪና ወርደን የኦቾሎን አቀበት በጀርባዬ አዝያት ወጣሁ። ዕጢው አከርካሪዬን ሲነካኝ ይሰማኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ ኃጢአት እመርጥ ነበር። ወሰን ገፋሁ እንዳልል መሬት የለኝም። ሰረቅሁ ብል የማንን? በባለቤቴ ላይ ሄድኩ ብል ልጄን ነጥቀው ያባርሩኛል። እንዲያምኑኝ ከበድ ያለ፣ ከቤት እንዳያስወጣኝ ቀለል ያለ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

አማቴ ግቢያቸው ውስጥ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ የእውነትና የዕርቅ ምልክት የሆነውን ርጥብ ሳር ይዘው ተደርድረዋል። ልጄን ሰሌን ላይ አስተኛኋት። ሆዷ ቀሚሷን ወጥሮ ቆሟል።

«አማቴን ረግሜአለሁ» አልኩ።

ለምን እሳቸውን መረጥኩ? በዚያ ቤት ክፉ ቃል ያልወጣቸው ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። ይቅር ይላሉ ብዬ ነው። ሰው የሚዳፈረው ደግ የሆነለትን ነው።

«መቼ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ለመስቀል የመጣን ጊዜ። ምንጩ ጋ።»

«ምን ብለሽ?»

ይህን አላዘጋጀሁም ነበር። «ዘርሽ አይባረክ ብዬ» አልኩ።

ዓይኑን አጥብቦ አየኝና ወደ እናቱ ዞረ፤ «እማዬ፣ ሰምተሽ ነበር?»

እንዝርቱ ቆመ። አማቴ እኔን አዩ፤ ከዚያ ሰሌኑ ላይ ያለችውን ልጅ አዩ፣ ሆዷን አዩ። ምንም እርግማን እንዳልነበረ ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን አልሰማሁም ይላሉ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የእኔና የእሷ ነገር ነው፣ አንተን ምን አገባህ? ይኸው ወጣ። ልጅቷ ነገ ጠዋት መኪና ላይ ካልተቀመጠች ደግሞ እኔ እናንተን እረግማለሁ። እኔ ስረግም ምንጭ ጋ ተደብቄ አይደለም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ሳሩ ተያዘ፣ ምርቃት ተመረቀ። አማቴ ሳሩን በእጄ ሲያስጨብጡኝ አንጓዬን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ፤ ከዚያ ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄድን።

እዚያ ሰባት ወር ቆየን። መጀመሪያ ዕጢውን የሚያሳንስ ኬሞ ሰጧት፤ ቀጥሎ ኩላሊቷን ከነዕጢው አወጡት፤ ከዚያ እንደገና ኬሞ። ሐኪሙ በሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ሲያስረዳት «ኩላሊትሽ ውስጥ የማይፈለግ ነገር ገብቶ ተቀምጧል» ብሏት ነበርና እሷ ተከራዩ ትለው ጀመር። ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ተከራዩ ወጣ?» የሚል ነበር።

«ወጣ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱንም ይዞት ወጣ።»

ትንሽ አሰበችና «ሌላ ቤት አለኝ» ብላ ተመልሳ ተኛች።

በዚያ ክፍል ስለ ልጆች የማላውቀውን ተማርኩ። እኛ እናቶች ኮሪደር ላይ እናለቅስና ዓይናችንን ታጥበን እየሳቅን እንገባለን። እነሱ አልጋ ላይ ገበያ ያቆማሉ። የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውን ከነርሶቹ ይለምኑና እያንዳንዱ ያገሩን ይሸጣል። የእኔዋ ቢጫውን ሙዝ ብላ ትሸጥ ነበር። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የዚያን ቀን ኬሞ የተሰጠው ልጅ ዕቃውን ሳያስቀምጥ ማንም አይከፍትም፤ ያስታወከ ልጅ ደግሞ ገበያውን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ቤታቸው የማሰናበት ሥልጣን አለው። ማስታወክ የሹመት ያህል ሆኖ አረፈው። «ዛሬ እኔ ነኝ የምዘጋው» እየተባባሉ ሳፋ ሲሻሙ አይቻለሁ።

አጠገባችን የነበረች ከልጄ ጋር እኩያ የሆነች ልጅ አንድ ቀን አልጋዋ ባዶ ሆነ። እናቶች ተነጋገርንና «ተሽሏት ወደ ቤቷ ሄደች» አልናቸው። ልጄ የዚያችን ልጅ ክዳኖች እንደወትሮው በቦታቸው ደረደረችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እማ፣ ቤቷ አልሄደችም። ጫማዋ አልጋው ሥር አለ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማውን አየሁት።

«እኔም ከሞትኩ ሄደች እንዳትያቸው። ሞተች በያቸው። ካልነገርሻቸው ሲጠብቁኝ ይቆያሉ።»

ውሸት ተናግሬ ወዳመጣኋት ልጅ ፊት ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ የዚያን ቀን ነው።

ዳነች። ፀጉሯ ሳያድግ፣ መድኃኒቱ እግሯን አድክሟት እያነከሰች ወደ አርባ ምንጭ ተመለስን። የባለቤቴ ወንድም በሰባት ወር አንድ ቀን ሊጠይቃት አልመጣም፤ በስልክም አልደወለም። በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። «የተሰወረ ኃጢአት በመናዘዝ ወጣ፤ ይኸው ልጃችን ዳነች» አለና በሕዝብ ፊት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ስለ ሐኪም አንድ ቃል የለም። ምእመናኑ እልል አሉ። እኔ ፀጉር የሌላትን ልጄን ታቅፌ በሕዝብ መካከል ተመስጋኝ ወንጀለኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ወሬው ከዚያች ቀን በኋላ ከተራራው ወርዶ ከተማ ገባ፤ ትምህርት ቤትም ደረሰ። ልጆቹ የተረገመችው ይሏት ነበር።

እሷ ግን የራሷን መላ አበጀች። መምህርቷ አስጠርታኝ ስሄድ ልጄ በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ቆማ ጠባሳዋን ለፈለገ ሁሉ እንደምታሳይ ነገረችኝ። ቤት ወስጄ «ምን ሆነሽ ነው ሆድሽን ለሰው የምታሳዪው?» አልኳት።

«ካዩት በኋላ አይጠይቁኝማ። ካላሳየኋቸው ሌላ ሌላ ነገር ይላሉ።»

ከለከልኳት። እስከ አንገት የሚቆለፍ ቀሚስ አሰፋሁላት። ስፖርት እንዳትሠራ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እንደ ሥራዬ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ። ቦርሳዋን እኔ እሸከማለሁ፣ ውሃዋን እለካለሁ፣ ስትሮጥ ካየኋት መንገድ ላይ እጮኻለሁ። በየጊዜው ምርመራ ስንሄድ ውጤቱ ደህና ነው ይሉናል፤ እኔ ግን በደህናው ቀን ከታመመችበት ቀን ይበልጥ እፈራ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የክፍሏ ልጆች እየሮጡ ከከተማው በታች ወዳሉት አርባዎቹ ምንጮች ሲወርዱ እሷም አብራ ወርዳ ፊቷ ቀልቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች። ስጮኽባት እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«በሽታው ሰባት ወር ነው የያዘኝ፣ እማ» አለች። «አንቺ ስድስት ዓመት ያዝሽኝ።»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ብቻዬን ወደምትከታተልበት ሐኪም ሄድኩ። «ውሃ ትጠጣ። የደም ግፊቷንና ሽንቷን በየጊዜው ትታይ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ አትዋጥ። ጎኗን እንዳትመታ ትጠንቀቅ» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ትኑር።»

በዚያው ክረምት ኦቾሎ አያቷ ዘንድ እንድትከርም ፈቀድኩ። ስትመለስ እንደ ትልቅ ሰው እግሯን አጣምራ ተቀመጠችና እየሳቀች ታየኝ ጀመር።

«ምን አገኘሽ?»

«አያቴን እናቴ እውነት ረግማሻለች ወይ አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘እናትሽ መርገም ብትችል ኖሮ የምትጀምረው ከአጎትሽ ነበር’ አለችኝ። የምትናገሪው ጠፍቶሽ ስትንተባተቢ አይታ ረዳችሽ።»

አማቴ በዓመቱ ሞቱ። አላመሰገንኳቸውም። ልወጣ ልወጣ እያልኩ ሐፍረቱ ይይዘኝ ነበር። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እንደለመዱት ልጆቻቸውን ሳቡ። እኔም እንደለመድኩት አለፍኩ። ልጄ ግን ከኋላዬ ቆም ብላ አንዷን «ልቀቂው፣ አይተላለፍም» ስትላት ሰማኋት።

አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግብርና ተምራ የሙዝ ገበሬዎችን ታማክራለች። በሞተር ሳይክል ወደ ላንቴ የሙዝ እርሻዎች ትወርዳለች፣ በኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳ ለማሳ ትዞራለች፣ በፀሐይ ጠቁራ ትመለሳለች። ስለ ሞተሩ ብዙ ተጨቃጭቀን ነበር፤ ጎኗን የሚከላከል ወፍራም ጃኬት ገዝታ ፊቴ ቆመችና «ሌላ ጥያቄ?» አለችኝ። አልነበረኝም። በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራዋን ራሷ ቀጥራ ራሷ ትሄዳለች፤ ውጤቱን ከሰማች በኋላ ነው የምትነግረኝ።

ላንቴ ላይ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ልጅ ወደደች። ዘንድሮ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። እኔ ወዲያው ልጄን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ስለ በሽታው አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ከተጋባችሁ በኋላ ቀስ ብለሽ ትነግሪዋለሽ።»

«በተዋወቅን ቀን ነግሬዋለሁ። የታዘዘው ሻይ ሳይመጣ።»

«ምን አለ?»

«‘በአንድ ፓምፕ ነው የምትሠሪው ማለት ነው’ አለኝ።»

«ቤተሰቦቹስ?»

«እነሱን ለሽማግሌ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።»

ለመንኳት። እሱ ቢያውቅም ቤተሰቡ እንዲያገባሽ አይፈቅድለትም፣ የተረገመች ልጅ አናስገባም ብለው ይመለሳሉ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ደጃችንን የሚረግጥ አይኖርም አልኳት። እሺም እምቢም አላለችኝም።

ሦስት ሽማግሌዎች ከላንቴ መጡ። ዋናቸው ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሙዝ ሲተክሉ የኖሩ ቀጭን አዛውንት ናቸው። በእኛ በኩል የሚናገረው በታላቅነቱ ያው የባለቤቴ ወንድም ነበር። የቤተሰብ ወግ ነውና ላስቀረው አልቻልኩም። ጥያቄው ቀረበ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መድረክ ላይ እንደሚያደርገው።

«ወንድሞቼ፣ ለኅሊናዬ ስል የማልደብቀው ነገር አለ። ይህቺ ልጅ በሕፃንነቷ በእናቷ እርግማን ምክንያት ለሞት ታማ ነበር። በሽማግሌ ፊት ወጥቷል፣ ድናለች። ወደፊት ማሕፀኗም ሆነ ዕድሜዋ ምን እንደሚሆን ግን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ዕወቁት ብዬ ነው።»

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። የልጄ ነገር እዚያው ላይ ሲፈርስ ታየኝ።

በወጉ ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። እሷ ከጓዳ ወጣች፤ እጇ ላይ ሽንኩርት የከተፈችበት ቢላዋ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ። ስለ ሆዴ እየተወራ ስለሆነ ባለቤቱ ልናገር ብዬ ነው። የታመምኩት የኩላሊት ካንሰር ነው። ኩላሊቴ ወጥቷል፣ ኬሞ ወስጃለሁ፣ ድኛለሁ። ሁለተኛው ኩላሊቴ ይሠራል። እርግማን አልነበረም። አያቴ ነግራኛለች። እናቴም ይኸው አለች፣ ትናገር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሽማግሌ ፊት፣ ርጥብ ሳር ተይዞ የዋሸ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ይህን ካወጣሁ የቀድሞው ስሜ ይሻለኛል። ልጄን አየኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«አልረገምኩም» አልኩ። «አንድም ቀን አልረገምኩም። የሪፈር ወረቀት ተጽፎልኝ ካላወጣሽ አትሄድም ተባልኩ። ልጄ ተኝታ መተንፈስ ሲያቅታት ያላደረግሁትን አወጣሁ። አማቴም እያወቁ ሰምቻለሁ አሉልኝ። ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ናቸው ያዳኑልኝ።»

የባለቤቴ ወንድም ተነሳ። «በሳሩ ላይ ዋሽታለች! በአባቶች ፊት!»

ባለ ባርኔጣው አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ቁጭ በል፣ ወንድሜ። እስኪ አንቺ፣ የዋሸሽው ልጅሽን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ስንት ጊዜ ቆየች?»

«ሦስት ሳምንት።»

ወደ እሱ ዞሩ። «የታመመ ሕፃን ሦስት ሳምንት መንገድ የዘጋባት ማን ነው?»

ወንድምየው ቁጭ አለ፤ አዛውንቱ ቀጠሉ።

«እኔ ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ጎሜ አውጥቻለሁ። የሚጠጣ ውሃ መከልከል ጎሜ ነው። መንገድ መዝጋት ጎሜ ነው። በታመመ ልጅ ላይ መንገድ መዝጋት ግን ከዚህ ቀደም ቀርቦልኝ አያውቅም። ይህ ያልወጣ ነገር የማን ነው?»

ያን ጊዜ የሆነውን እስክሞት አልረሳም። ባለቤቴ፣ ያለ ወንድሙ ፍየል የማይገዛው ባለቤቴ፣ ቀና አለና «የእኛ ነው። የእኔና የእሱ ነው» አለ። ይህን መጻፍ ስላለብኝ እጽፋለሁ፤ ያን ቀን በባሌ ኮራሁ።

የላንቴ ሰዎች አይቸኩሉም፤ ወንድምየው እስኪናገር ድረስ ሌላ ነገር አይነሳም ብለው ተደላድለው ተቀመጡ። በመጨረሻ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ «ፈርቼ ነው። ትሞታለች ብዬ ፈራሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን ፈራሁ። መንገድ ዘግቻለሁ» አለ። እንዲህ ትንሽ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ልጄ ክንዷን አጣጥፋ «አባቶቼ፣ እኔ በበኩሌ ጎሜ የለም ባይ ነኝ። ዕጢ ነበር» አለች።

አዛውንቱ ሳቁ። «ላንቺ ዕጢ ይሁን። ለእሱ ግን ጎሜ ነው፣ ተይው። እስኪ ሳላፍር ልጠይቅሽ፤ ትወልጃለሽ?»

«ሐኪሜ ትችያለሽ ብሎኛል። በእርግዝና ጊዜ የቅርብ ክትትል እፈልጋለሁ። እናንተም ልጃችሁን አስመርምሩት። የእኔ አንድ መሆኑ በማሽን ታይቷል፤ የእሱ ሁለት መሆኑን ማን አየ?»

ሁለተኛው ሽማግሌ እየሳቀ ጭኑን መታ። «ኧረ ይቺስ ትገዛናለች!»

ከዚያ እኔ ይቅር እንድል ተጠየቅሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ያወጣ ሰው ይቅር ካልተባለ ሌላው ጉዳይ አይቀጥልም። የልጄ ጋብቻ በእኔ አፍ ላይ ቆመ። የባለቤቴ ወንድም ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። በዚያ ቤት ውስጥ እሱ የሚጠብቅ፣ እኔ የማስጠብቅ ሆኜ ተቀምጬ አላውቅም፤ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ይቅር ያልኩት በአፌ ነው፣ ለልጄ ስል ነው። በልቤ ይቅር ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

«እንግዲህ ወደ መጣንበት እንመለስ» አሉ አዛውንቱ ባርኔጣቸውን መልሰው እያደረጉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለናል። በወጋችሁ መልሱን የሚሰጠው ታላቁ ነው።»

ታላቁ እሱ ነው። ተነሳ። መድረክ ላይ የሚያውቀው ድምፁ አልመጣለትም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቋረጠ።

«ጮክ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ፤ ጓዳ አይሰማም» አለች ልጄ።

«ሰጥተናል» አለ።

«ደስ ይበላችሁ!» አሉ የላንቴ ሰዎች በአንድነት። እኔም ያ ሁሉ ዓመት በጉሮሮዬ ተቀርቅሮ የቆየውን እልልታ ለቀቅኩት፤ ጎረቤቶቼ ደንግጠው አጥር ላይ እስኪንጠለጠሉ ድረስ።